ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወንበር ከማሞቅ ትንሽ ኮሌጅ ሄዶ መጫወት ይሻላል?

ጥያቄ፦ «ልጄ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ (ኳሷን የሚወረውረው ተጫዋች) ነው። ዩኒቨርሲቲው ስም ያለው ነው፤ ግን ልጄ ሜዳ ሲገባ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጨዋታው ካለቀለት በኋላ። አሁን ደግሞ አሰልጣኙ ከሌላ ቦታ ልምድ ያለው ኳርተርባክ ሊያመጣ ነው። ልጄ ትንሽ ኮሌጅ ሄጄ ልጫወት ይላል። አባቱ ‹ትልቁን ትቶ ወደ ትንሹ የሚወርድ ምን ዓይነት ሰው ነው? ወይ ይታገስ፣ ወይ ኳሱን ትቶ ትምህርቱን ይጨርስ› ይላል። ልጁ ደግሞ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ሲደረድር ተገኝቶ ሻምፒዮን ስለሆነው ከርት ዋርነር እያወራ ያደክመናል። እውነት እንዲህ ዓይነት ነገር አለ? ምን ልምከረው?» እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ።

መልስ፦ ዋርነር ዕቃ ሲደረድር አልተገኘም። ከዚህ የምጀምረው ቤታችሁ ውስጥ ያለው ክርክር በሙሉ ግማሹ ብቻ በተሰማ ታሪክ ላይ ስለቆመ ነው። ልጅዎ የሰማው «ማንም ባያየኝ አንድ ቀን ይጠሩኛል» የሚለውን ነው። ባለቤትዎ የሰሙት ደግሞ «ይሄ የዕድል ጉዳይ ነው» የሚለውን። ዋናውን ነገር ሁለቱም አልፈውታል። ታሪኩን ከነዝርዝሩ ላስቀምጥና ወደ እናንተ ጉዳይ እመለሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ዋርነር ያደገው አዮዋ፣ ሲዳር ራፒድስ ነው። ከሃይስኩል ሲወጣ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዞር ብለው አላዩትም፤ ሰሜን አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያም ለዓመታት ወንበር አሞቀ። ቋሚ ሆኖ የተጫወተው የመጨረሻውን ዓመት፣ 1993ን ብቻ ነው። በዚያ አንድ ዓመት በኮንፈረንሱ (ዩኒቨርሲቲው በሚወዳደርበት ምድብ) ከማጥቃት ክፍል ምርጡ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። በ1994 ድራፍት ግን ስሙን የጠራ ቡድን የለም። (ድራፍት ማለት የኤንኤፍኤል፣ ማለትም የአሜሪካው ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች በየተራ የሚመርጡበት ዝግጅት ነው፤ አባትየው ካላወቁት ልጁ ያስረዳቸው፣ ለአንድ ጊዜ እንኳን ሳይጨቃጨቁ ያወራሉ።) ግሪን ቤይ ፓከርስ ሲዝኑ ሳይጀመር ለሚደረገው ልምምድ ጠራው። እዚያ ብሬት ፋቭር አለ፣ ማርክ ብሩኔል አለ፣ ታይ ዴትመር አለ። ወረፋው ጫፍ ላይ ቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ አሰናበቱት። ሲዳር ፎልስ ተመልሶ ሃይ-ቪ የሚባል ሱፐርማርኬት ውስጥ ሌሊት ሌሊት መደርደሪያ መሙላት ጀመረ፤ በሰዓት 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ቀን ቀን በድሮ ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኞቹን ያግዝ ነበር። ሰው ሁሉ ታሪኩን ሲያወራ እዚህ ጋ ይቆምና ቀጥታ ሱፐር ቦውል (የሊጉ ፍጻሜ ጨዋታ) ላይ ይዘላል።

መሀሉ ላይ ያለው ግን አሰልቺ ነው፤ ለእናንተ የሚጠቅመውም እሱ ነው። በ1995 አዮዋ ባርንስቶርመርስ ለሚባል የአሬና ፉትቦል ቡድን ፈረመ። አሬና ማለት አዳራሽ ውስጥ፣ የመደበኛውን ግማሽ በሚያህል 50 ያርድ ሜዳ ላይ፣ ስምንት ለስምንት የሚጫወቱት ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ኳርተርባኩ ኳሷን ይዞ የሚያስብበት ጊዜ የለውም፤ አይቶ ወዲያው መልቀቅ አለበት፤ ጨዋታውም ከሞላ ጎደል ውርወራ በውርወራ ነው። ዋርነር እዚያ ሦስት ሲዝን ወረወረ። በ1996 እና በ1997 ቡድኑን ለፍጻሜ አደረሰ፤ ሁለቴም ተሸነፉ። በ1997 ቺካጎ ቤርስ ሊፈትነው ፈልጎ ነበር፤ ለጫጉላ ሽርሽር በሄደበት የሆነች ነገር ክርኑን ነድፋው አበጠና ፈተናው ቀረ። ከዚያ ሴንት ሉዊስ ራምስ አስፈረመውና ወደ አውሮፓ ላከው። በ1998 ጸደይ ለአምስተርዳም አድሚራልስ ተጫውቶ በኤንኤፍኤል አውሮፓ ሊግ በወረወረው ያርድም (ርቀት) በታችዳውንም (ነጥብ ባስገኘ ውርወራ) አንደኛ ሆነ። ወደ ራምስ ሲመለስ ግን ሦስተኛ ኳርተርባክ ነው፤ በዚያ ሲዝን በሙሉ የወረወረው 11 ኳስ ብቻ ነው። በ1999 መጀመሪያ ክሊቭላንድ ብራውንስ እንደ አዲስ ሲቋቋም ከሌሎች ቡድኖች ተጫዋች እንዲወስድ ተፈቅዶለት ነበር፤ ራምስ ዋርነርን «ከፈለጋችሁ ውሰዱት» ከሚባሉት መካከል አስቀመጠው። ብራውንስም ሳይወስደው ቀረ።

ኦገስት 1999 ላይ የራምስ ቋሚ ኳርተርባክ ትሬንት ግሪን ከሲዝኑ በፊት በሚደረግ ጨዋታ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ዋርነር ገባ። 4,353 ያርድ፣ 41 ታችዳውን። ባለፈው ዓመት 4 አሸንፎ 12 የተሸነፈው ቡድን 13 ጨዋታ አሸነፈ። ዋርነር የሊጉ ኮከብ ተባለ። ጃንዋሪ 30፣ 2000 ደግሞ ቴኔሲ ታይታንስን 23 ለ16 አሸንፈው ሱፐር ቦውል ሲወስዱ 414 ያርድ ወርውሮ የጨዋታውም ኮከብ ሆነ። ዕድሜው 28 ነበር።

እስቲ አሁን ቁጠሩት። የሱፐርማርኬቱ ጊዜ አጭር ነው። አሬናው ሦስት ሲዝን፣ አምስተርዳም አንድ ሲዝን። ትሬንት ግሪን መሬት ላይ ሲወድቅ ራምስ የጠራው ከመደርደሪያ ሥር የተነሳ ሰው ሳይሆን ለአራት ሲዝን በየሳምንቱ ሲወረውር የከረመ ባለሙያ ነው። ዕድል ነበረው ወይ? ሞልቶ ነዋ። በዚያው ዓመት ራምስ ማርሻል ፎክን ከኮልትስ አምጥቷል፣ ቶሪ ሆልትን ከኮሌጅ መርጧል፤ አይዛክ ብሩስ እና ኦርላንዶ ፔስ አስቀድመው አሉ። ከአራቱ ፎክ፣ ብሩስ እና ፔስ ዛሬ የዝና አዳራሽ (የሊጉ ታላላቆች የሚከበሩበት) ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ መግባት ዕድል ነው። ገብቶ ማስኬድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሲወረውር ባይከርም ኖሮ ዕድሉ መጥቶ አልፎት ይሄድ ነበር።

ልጅዎ የማያወራው ሌላም ክፍል አለ። ዋርነር በ2001 ለሁለተኛ ጊዜ የሊጉ ኮከብ ተባለ፤ ቡድኑ ግን ሱፐር ቦውሉን ገና ጀማሪ በነበረው ቶም ብሬዲ በሚመራው ኒው ኢንግላንድ 20 ለ17 ተቀማ። በ2002 እጁ ተጎዳ፤ ቋሚ ሆኖ የጀመራቸውን ስድስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። በ2003 ቦታውን ማርክ በልጀር ወሰደው። በ2004 ኒው ዮርክ ጃያንትስ ሄደ፤ ዘጠኝ ጨዋታ እንደተጫወተ ለኢላይ ማኒንግ ልቀቅ ተባለ። አሪዞና ሄደ፤ እዚያ ደግሞ በ2006 ማት ላይናርት የሚባል ልጅ መረጡበት። ቦታውን መልሶ ጨብጦ በ2008 ሲዝን አሪዞናን ሱፐር ቦውል አደረሰ፤ በፒትስበርግ 27 ለ23 ተሸነፉ። ጃንዋሪ 2010 ጫማውን ሰቀለ፣ በ2017 የዝና አዳራሽ ገባ። ሁለት ጊዜ የሊጉ ኮከብ የተባለ ሰው ሦስት ከተማ ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ልብ ይበሉ። ይሄ ሥራ እንዲህ ነው። ቦታው ዛሬ ያንተ ነው፣ ነገ ግን ማን ያውቃል።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢሉ፣ ኳርተርባክ እንደኛ እግር ኳስ በረኛ ነው። ሜዳ ላይ አንድ ብቻ ነው የሚቆመው። ተከላካይ ቢሆን በየመሀሉ ይቀያየራል፣ አጥቂ ቢሆን ለ20 ደቂቃ ይገባል፤ ሁለተኛው በረኛ ግን አንደኛው ካልታመመ ወይም ካልፈዘዘ ዓመቱን በሙሉ ቁጭ ነው። በሒሳብ እንየው። ኤንኤፍኤል ውስጥ 32 ቡድን አለ፤ ቋሚው ሥራ እንግዲህ 32 ብቻ ነው። በኮሌጅ በከፍተኛው ደረጃ የሚወዳደሩት ብቻ ከ130 በላይ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሦስት አራት ኳርተርባክ ይይዛሉ፤ ከነሱ ዝቅ ባለው እርከን ደግሞ ሌላ ከ120 በላይ አለ። በአንድ ድራፍት በሰባቱ ዙር የሚመረጡት ኳርተርባኮች በቅርብ ዓመታት ከ9 እስከ 14 ነው። ይህን የምነግርዎት ልጁን ተስፋ እንዲያስቆርጡት አይደለም። ቤት ውስጥ ስለ ኤንኤፍኤል ስትነጋገሩ እነዚህ ቁጥሮች ጠረጴዛው ላይ ይኑሩ ብዬ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ «ይታገስ» እንምጣ። ትዕግሥት ጥሩ ነው፤ ለኳርተርባክ ግን ዋጋው ውድ ነው። የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ክንድ ይመስላል እንጂ አይደለም። ኳሷ ከተነሳች በኋላ በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ አሥራ አንድ ተከላካይ ወዴት እንደሚሄድ አንብቦ፣ አንድ ግዙፍ ሰው ሊገጭህ እየመጣ እያየህ፣ ትክክለኛውን ሰው መርጦ መልቀቅ ነው። ይሄ በልምምድ አይመጣም፤ በልምምድ ኳርተርባክን መምታት ክልክል ነዋ፤ ማንም እንዳይነካው የተለየ ቀለም ማሊያ ያለብሱታል። ሳይመታ የተማረ ሰው ሲመታ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። የኤንኤፍኤል መልማዮች ይህን ስለሚያውቁ የጨዋታ ቪዲዮ ይጠይቃሉ። ቪዲዮ ከሌለህ፣ ትምህርት ቤትህ የቱንም ያህል ስም ይኑረው፣ እነሱ ዘንድ የለህም ማለት ነው።

አባትየው አንድ ጥሩ ማስረጃ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ከማንም ከመስማታቸው በፊት እኔው ልንገርዎት። ማት ካሰል ዩኤስሲ በሚባለው ታላቅ ፕሮግራም ከካርሰን ፓልመር ከዚያም ከማት ላይናርት ጀርባ ተቀምጦ፣ በኮሌጅ ዘመኑ በኳርተርባክነት አንድም ጨዋታ ሳይጀምር፣ 33 ኳስ ብቻ ወርውሮ ጨረሰ። ኒው ኢንግላንድ በ2005 በ230ኛነት መረጠው። በ2008 ቶም ብሬዲ ሲጎዳ ገብቶ ቡድኑ 11 ጨዋታ አሸነፈ። እውነት ነው። ግን የካሰል ስም እስከ ዛሬ የሚነሳው እንዲህ ያለ ሰው ፈልጎ ማግኘት ስለሚያስቸግር ነው። «በመጨረሻ ተመርጦ ኮከብ ሆነ» እየተባለ የሚወራላቸውን ሌሎቹን ይዩዋቸው። ብሬዲ በ2000 የተመረጠው 199ኛ ሆኖ ነው፤ ሚሺጋን ግን ሁለት ዓመት ቋሚ ነበር። ብሮክ ፐርዲ በ2022 ከተመረጡት 262 ልጆች የመጨረሻው ነው፤ አዮዋ ስቴት ውስጥ ግን አራት ሲዝን ተጫውቷል። ዝቅ ብለው ተመረጡ እንጂ ሳይጫወቱ አልተመረጡም።

«ወደ ትንሹ መውረድ» የሚለውም አነጋገር ያረጀ ነው። እርግጥ ነው፣ ሰርግ ቤት ተቀምጦ «ልጄ እዚህ ነው ያለው» ለማለት ትልቁ ስም ያምራል፤ ይገባኛል፣ ወላጅ ነን። ካም ዋርድን ግን ይመልከቱ። ከቴክሳስ ሃይስኩል ሲወጣ ስኮላርሺፕ የሰጠው ሳን አንቶኒዮ ያለው ኢንካርኔት ወርድ የሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነበር። እዚያ ተጫወተ፣ ታየ፤ ዋሽንግተን ስቴት ወሰደው፤ ከዚያ ማያሚ። በ2025 ድራፍት ቴኔሲ ታይታንስ ከሁሉም አንደኛ አድርጎ መረጠው። ጆሽ አለንም መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ጁኒየር ኮሌጅ ከዚያ ዋዮሚንግ ነው፤ በ2018 ሰባተኛ ሆኖ ተመረጠ፣ የ2024 የሊጉ ኮከብም እሱ ነው።

ለእናንተ ግን ከሁሉም የሚቀርበው ጆ በሮው ነው። ኦሃዮ ስቴት ሦስት ዓመት ተቀያሪ ሆኖ ቆየ፤ ልክ እንደ ልጅዎ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ግን ትምህርቱን ጨረሰ፤ በሦስት ዓመት ዲግሪውን ይዞ በ2018 ወደ ሉዊዚያና ስቴት ሄደ። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር፣ ከዚያ በላይ የሚባልለት አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት 60 ታችዳውን ወርውሮ 15 ጨዋታ በ15 አሸንፈው ሻምፒዮን ሆኑ፣ በ2020 ድራፍት አንደኛ ተመረጠ። እዚህ ታሪክ ውስጥ አባትየውም ልጁም ትክክል ናቸው። አባትየው ስለ ዲግሪው፣ ልጁ ስለ መልቀቁ።

ያሉት መንገዶች እንግዲህ አራት ናቸው። መቆየት አንዱ ነው፤ የሚያዋጣው የሚመጣው ልጅ ለአንድ ዓመት ብቻ ከሆነና አሰልጣኙ ከዚያ በኋላ ያለውን ቦታ በግልጽ ከነገሩት ነው። ልምድ ያለው ኳርተርባክ ከውጭ የሚያመጣ አሰልጣኝ ግን ስለ ልጅዎ ያለውን ሐሳብ በአፉ ባይናገርም በሥራው ተናግሯል። የቦታ ለውጥ ሌላው ነው። ጁሊያን ኤድልማን ኬንት ስቴት ውስጥ ኳርተርባክ ነበር፤ ኒው ኢንግላንድ በ2009 በ232ኛነት ወስዶ ሪሲቨር (ኳስ ተቀባይ) አደረገው፣ በኋላ የሱፐር ቦውል ኮከብ ሆነ። ልጅዎ ፈጣን ሯጭ ከሆነ አሰልጣኙን ይጠይቅ፤ ካልሆነ ይርሳው። ሦስተኛው ማቆም ነው፤ እሱም ነውር የለውም። ግን «ኳሱን ትቶ ይማር» ሲባል አንድ ነገር ይዘነጋል፦ ትምህርቱን የሚከፍለው ኳሱ ከሆነ፣ በራሱ ፈቃድ ሲያቆም ስኮላርሺፑም ሊቆም ይችላል። መጀመሪያ የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮውን ጠይቃችሁ፣ ከዚያ ተጣሉ። አራተኛው ዝውውር ነው።

ስለ ዝውውር የሚወራውም ግማሹ ስህተት ነው። ከ2018 ጀምሮ ትራንስፈር ፖርታል የሚባል መዝገብ አለ፤ ልጁ ስሙን ያስገባል፣ ሌሎች ቡድኖች ያነጋግሩታል። ድሮ ተዛውሮ አንድ ዓመት መቀመጥ ግዴታ ነበር፤ አሁን ትምህርቱ ደህና ከሆነ ወዲያው ይጫወታል። ብዙ ወላጅ የማያውቀው ግን፣ ስም ካስገባ በኋላ የነበረበት ትምህርት ቤት ቦታውንም ስኮላርሺፑንም ይዞ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። «ገብቼ ልየውና ካልሆነ እመለሳለሁ» አይሠራም። በየዓመቱ ገብተው ማንም ሳይጠራቸው የሚቀሩ ልጆች አሉ። ስም ከመግባቱ በፊት ደግሞ የሌላ ቡድን አሰልጣኝ ሊያነጋግረው አይፈቀድም። (በሃይስኩል አሰልጣኝ በኩል ሹክ የሚባባሉ እንዳሉ የማያውቅ የለም፤ እናንተ ግን በጽሑፍ ምንም እንዳትልኩ።)

ሁለተኛው ወጥመድ ክሬዲት ነው። በዲቪዚዮን አንድ (በኮሌጅ ስፖርት ላይኛው ምድብ) ለመጫወት ተማሪው በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከዲግሪው 40 በመቶ፣ በሦስተኛው 60፣ በአራተኛው 80 በመቶ ጨርሶ መገኘት አለበት። አዲሱ ኮሌጅ የቀድሞዎቹን ኮርሶች ግማሽ ካልተቀበለ፣ ልጅዎ ሄዶ ሳይጫወት ሊቀር ይችላል። በተለይ ኢንጂነሪንግ ከሆነ ይሄ በብዛት ያጋጥማል። ልጃቸው የተዛወረበትን ምክንያት ሲያስረዱኝ ስለ ኳስ ብቻ አውርተው ትራንስክሪፕቱን ያልገለጡ ቤተሰቦች አይቻለሁ፤ ያለቀሱትም እነሱ ናቸው። የቀረውን ጊዜም ያስሉ፦ መደበኛው ደንብ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ሲዝን ነው፣ ከአራት ጨዋታ ያልበለጠ የተጫወተበት አንድ ዓመት ደግሞ ላይቆጠርበት ይችላል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚቀያየር በዕለቱ ያለውን ከዩኒቨርሲቲው የኮምፕላያንስ (የስፖርት ደንብ ተከታታይ) ቢሮ በጽሑፍ ያግኙ፤ ከጓደኛ ወይም ከዩቲዩብ አይደለም።

ገንዘቡም ይነሳ፤ መነሳቱ አይቀርም። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገቢ ማግኘት ይችላሉ፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ። ወሬው ሚሊዮን በሚሊዮን ነው፤ ያልተጫወተ ተቀያሪ ላይ ሲደርስ ግን ይቀዘቅዛል፣ ትንሽ ኮሌጅ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። የሚገባው ገንዘብ ታክስ አለበት፤ አሠሪ ስለማይቆርጥለት በዓመቱ መጨረሻ ዱብ ይላል። «ቦታ እናገኝለታለን፣ 20 በመቶ እንወስዳለን» የሚል ሰው ቢመጣ በሩን ያሳዩት። የኤንኤፍኤል ውል የሚደራደር ወኪል እንኳን ከፍተኛው ድርሻው 3 በመቶ ነው። ልጃቸው በተማሪ ቪዛ ላይ ያለ ሌሎች ወላጆች ይህን እያነበቡ ከሆነ፣ የስፖንሰር ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ ያለፈቃድ እንደመሥራት ከተቆጠረ ቪዛውን ሊያስከፍለው ይችላል።

ከኮሌጅ በኋላስ? የዋርነር መሰላል ተነስቷል። ኤንኤፍኤል አውሮፓ በ2007 ተዘጋ፤ እሱ ያደገበት የአሬና ሊግ በ2019 ከስሮ ቆመ። ዛሬ ያለው በጸደይ የሚካሄደው ዩኤፍኤል፣ የካናዳ ሊግ፣ እና የኤንኤፍኤል ቡድኖች ለልምምድ ብቻ የሚይዟቸው ተጫዋቾች ስብስብ ነው። ለልምምድ የሚያዙት በ2024 ዝቅተኛ ክፍያቸው በሳምንት 12,500 ዶላር ነበር፤ ጥሩ ገንዘብ ነው፣ ግን በማንኛውም ሳምንት «አመሰግናለሁ፣ ደህና ሁን» ሊባሉ ይችላሉ። ካናዳን ማንም አይናቅ። ዋረን ሙን በ1978 ለዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ፣ ሮዝ ቦውል የሚባለውን ትልቅ የኮሌጅ ጨዋታ አሸንፎ፣ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ፣ ጥቁር ኳርተርባክ ስለነበረ ኤንኤፍኤል ፊቱን አዞረበት፤ ቦታ ቀይር ሲሉት እምቢ ብሎ ኤድመንተን ሄደ፣ አምስት ዋንጫ በተከታታይ በላ፣ በ1984 ሂውስተን ለምኖ አመጣው። ሁሉም ሰው ሙን አይደለም። ግን ኤድመንተንም ቢሆን የጠራው ሲጫወት ያየውን ሰው ነው።

ጤናን በአንድ አንቀጽ ማለፌ ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ የምለው ግልጽ ስለሆነ ነው። መጫወት ማለት መመታት ነው። ወንበር ላይ የነበረ ልጅ ቋሚ ሲሆን ጭንቅላቱ የሚያርፍበት ምት ይበዛል፤ ኳርተርባኩን የሚጠብቀው መስመር ደካማ የሆነበት ትንሽ ቡድን ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ራሱን ካዞረው፣ ብርሃን ካስጠላው፣ ነገር ካምታታው ሳይደብቅ እንዲናገር ዛሬውኑ ቃል ያስገቡት። ተደብቆ የቀጠለ ጨዋታ ላይ የሚመጣ ሁለተኛ ምት ነው ክፉው።

ምክሬ ይህ ነው፦ ይሂድ። ወንበር ላይ የሚያልፍ ሌላ ዓመት ለኳርተርባክ የጠፋ ዓመት ነው። ግን ሦስት ነገር ሳይሟላ አንዲት ፊርማ እንዳያኖር። አንደኛ፣ አዲሱ ኮሌጅ የትኞቹን ኮርሶች እንደተቀበለና ዲግሪው በስንት ሴሚስተር እንደሚያልቅ በጽሑፍ ይስጥ። ሁለተኛ፣ የስኮላርሺፑ ወረቀት እጃችሁ ይግባ፤ «እናስተካክላለን» የሚል አሰልጣኝ እንዳላስተካከለ ይቆጠር። ሦስተኛ፣ እዚያ ያሉት ኳርተርባኮች ስንት እንደሆኑ፣ ማን እንደሚመረቅ፣ አሰልጣኙ ራሱ በሥራው ላይ እንደሚቆይ ይጣራ። ልጁ ቋሚ ቦታ ቃል ከተገባለት አያምን፤ «ትወዳደራለህ» የሚለውን አሰልጣኝ ይመን። ከዲግሪው የቀረው አንድ ሴሚስተር ወይም ሁለት ከሆነ ደግሞ እንደ በሮው ጨርሶ ይሂድ። ይሄን አልደራደርበትም።

የጊዜ ገደብም ይኑረው። ሁለት ሲዝን ተጫውቶ አንድም የኤንኤፍኤል መልማይ ሊያየው ካልመጣ፣ ዩኤፍኤልም ካናዳም ስልክ ካልደወሉ፣ በቃ። ያኔ አባትየው «ብዬ ነበር» እንዳይሉ ከአሁኑ ያስምሏቸው።

የዝውውሩ መስኮት የሚከፈተው ጃንዋሪ ላይ ነው፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚሠራው ሥራ ትራንስክሪፕቱን አውጥቶ ከአካዳሚክ አማካሪው ጋር መቀመጥ ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች የትኛውን ኮርስ በየትኛው እንደሚተኩ ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ልጁ ሊሄድባቸው የሚያስባቸውን አምስት ቦታዎች መርጦ ኮርስ በኮርስ ያመሳክር። አባትየውም አብረው ይቀመጡ፤ እሳቸው የሚያስጨንቃቸው ዲግሪው አይደል።